እትዬ አስካለን ያስባረርኩበት ንግግር

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ስኳርና ሳሙና በካርድ፣ ከቀበሌ ሱቅ የምንገዛበት ዘመን። ከዚያ ወዲህ ስንትና ስንት ነገር አልፎ ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳውም፤ ጥፋቱ የራሴ ነውና።

ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ባለቤቴ መርካቶ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው፤ ቤታችን ከአንዋር መስጊድ ጀርባ፣ አንዲት ክፍል ነበረች። የቤቱ ወረፋ ሁሉ የኔ ድርሻ ስለነበር ስኳር የሚታደልበት ቀን ማልጄ ሄጄ እሰለፋለሁ።

የሱቃችን ሠራተኛ እትዬ አስካለ ይባላሉ። ባላቸው ሞቶባቸው ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ ዝምተኛ ሴት ናቸው። ሲሠሩ ግን ያዘግማሉ! ያን ጊዜ ሰው ሁሉ መያዣ ከቤቱ ይዞ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ጣሳ፣ አንዱ ላስቲክ፣ አንዱ የትራስ ልብስ ሳይቀር። እትዬ አስካለ የእያንዳንዱን ሰው ዕቃ ተቀብለው መጀመሪያ ባዶውን ሚዛን ላይ ያስቀምጡታል። በወዲያኛው በኩል ጠጠር ይጨምራሉ፣ ይቀንሳሉ፣ ጎንበስ ብለው ያያሉ። ስኳሩን የሚያነሱት ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ፀሐይ ላይ ቆመን እንቃጠላለን።

«የወርቅ ሚዛን መሰላቸው እንዴ!» እላለሁ እኔ፤ ሰልፈኛው ይስቃል። ሲሳቅልኝ ደግሞ ይብስብኛል።

አንድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። መቅረት የለም፤ ስም ይጠራል። ሊቀመንበሩ ስለ ሱቁ አገልግሎት ሂስ ያለው እንዲናገር ሲጠይቁ ማንም ሳይቀድመኝ እጄን አወጣሁ። እትዬ አስካለ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኚህ ሴትዮ ሕዝቡን አያከብሩም» አልኩ። «ጠዋት ተሰልፈን እኩለ ቀን ያልፋል። ሚዛኑ ላይ አጎንብሰው ሲያፈጡ ከወዳጅ የመጣ ደብዳቤ የሚያነቡ ነው የሚመስሉት!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ተጨበጨበልኝ። እትዬ አስካለ ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ተነሡ። ሌላ ነገር ሊሉ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ሳቁ ግን ፋታ አልሰጣቸውም። «አዎ፣ እዘገያለሁ» ብቻ ብለው ተቀመጡ።

በሳምንቱ ከሱቁ ተባረሩ። እንዲህ ድረስ ይሄዳል ብዬ አልነበረም፤ ትንሽ ቅር አለኝ። ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ደግሞም ተጨብጭቦልኛል። በምትካቸው ታደለ የሚባል፣ የሊቀመንበሩ ወዳጅ የሆነ ጎልማሳ ገባ።

ታደለ መብረቅ ነበር። መያዣችንን ሚዛኑ ላይ ጣል፣ ስኳሩን ገልበጥ ያደርግና «ቀጣይ!» ይላል። ቀልድም ያውቃል። ጠዋት ሄጄ ቁርስ ሳይረፍድ ቤቴ ነኝ። «አገልግሎት ማለት ይሄ ነው!» ተባባልን። የሰፈር ሴቶች መንገድ ላይ እያስቆሙ ሲያመሰግኑኝ ኩራት ኩራት አለኝ።

ችግሩ፣ ወር የሚያደርሰን ስኳር በሦስተኛው ሳምንት ያልቅ ጀመር። ባሌን ጠረጠርኩት። «ሻዩን ማር አደረግከው!» ብዬ ተጣላሁት፤ ሳምንት ሙሉም መራራውን አጠጣሁት። ምስኪን፣ አንዲት ማንኪያ እንኳ ተደብቆ አልጨመረም።

በሚቀጥለው ወር ስኳሩን እንደተቀበልኩ በቀጥታ ጋሼ ሰይድ ቅመም ቤት ይዤው ሄድኩ። ጋሼ ሰይድ እንደኛው የወሎ ሰው ናቸው፤ አባቴን ያውቁታል። «እስቲ ይመዝኑልኝ» አልኳቸው። ስኳሩን ወረቀት ላይ ገለበጡና ባዶ ጣሳዬን ብቻውን ሚዛን ላይ አስቀመጡት። ጠጠር ጨመሩ፣ ቀነሱ፣ ጎንበስ ብለው አዩ።

ክው አልኩ። ጣሳዬ ከእናቴ የወረስኩት፣ ክዳን ያለው ከባድ ብረት ነው። ታደለ ለካ ከነጣሳው ነው የሚመዝንልኝ! ስኳር ብዬ ተሸክሜ የምገባው ብረት ነበር። ከሰልፈኛው ሁሉ ከባዱን ዕቃ የያዝኩት ደግሞ እኔው፣ ተናጋሪዋ።

«ዘይነባ፣ ጎደለሽ?» አለኝ ከጓሮ በኩል አንድ ድምፅ። እትዬ አስካለ ነበሩ። ከሱቁ ከወጡ ወዲህ እዚያ በቀን ሥራ በርበሬ ይቀነጥሱ ኖሯል። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ጣቶቻቸው አብጠዋል።

«እትዬ አስካለ፣ ያን ቀን ለምን አልነገሩንም?» አልኩ። እንባዬ መጣ።

«ማን ሊሰማኝ፣ ልጄ? ሰዉ ይስቅ ነበር እኮ።» ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይልቅ እሑድ ስብሰባ አለ። ያየሽውን ብትናገሪልኝ ወደ ሥራዬ ይመልሱኝ ይሆናል። በዚህ የቀን ሥራ ልጆቹን ማብላት አቅቶኛል።»

«እናገራለሁ። ወላሂ እናገራለሁ!» አልኳቸው።

እሑድ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ታደለን ከጎናቸው አስቀምጠው፣ «ሱቃችን እንዴት ነው?» አሉ።

«ፈጣን ነው!» አለ ሕዝቡ።

«ሂስ ያለው?»

ሰዉ ሁሉ አቀረቀረ። ባለፈው ወር ስለ ሳሙና ያጉረመረመ ጎረቤታችን «አሻጥረኛ» ተብሎ ሁለት ቀን ታስሮ መውጣቱን ሁላችንም እናውቃለን። እትዬ አስካለ ከኔ ሁለት አግዳሚ ቀድመው ተቀምጠዋል። ቀስ ብለው ዞሩና አዩኝ።

እጄን ከነጠላዬ ሥር አላወጣሁም። ሊቀመንበሩ ደግመው ጠየቁ። እትዬ አስካለ አሁንም እያዩኝ ነው። ወለሉን አየሁ። በመጨረሻ ለታደለ ይጨብጨብ ተባለ፤ ከሁሉም ጋር አጨበጨብኩ። ያኔ እሳቸው ፊታቸውን መለሱ።

ልጆቻቸውን በርበሬ እየቀነጠሱ አሳደጉ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ ነፍገውኝ፣ ያን ነገርም አንስተውብኝ አያውቁም። እኔም ዛሬ ነገ ስል ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ሞቱ።

አሁን አርጅቻለሁ። ልጆቼ እንግዳ ሲመጣ «እማዬ እኮ ደፋር ነበረች፤ በደርግ ጊዜ እንኳ ስብሰባ ላይ ትናገር ነበር» እያሉ ያወሩልኛል። የምገባበት ይጠፋኛል። እውነት ነው፣ ተናግሬያለሁ፤ ባሏ በሞተባት፣ ወገን በሌላት ሴት ላይ። ለታደለ ግን አጨበጨብኩለት።