ድርጅቱ መቼ መጣ?

ባለፈው ሳምንት ከሆሳዕና ገበያ በባጃጅ ስመለስ፣ በሬዲዮ አንድ ሥራ አስኪያጅ «ጥፋቱ የሠራተኞቻችን እንጂ የድርጅታችን አይደለም» ሲል ሰማሁ። ሳቄ አመለጠኝ። ሾፌሩ በመስታወቱ ሰረቅ አድርጎ አየኝ፤ ምን ብዬ ላስረዳው?

አሥራ ሁለተኛን በጨረስኩበት ክረምት፣ አባቴ ጃጁራ ያለችንን መሬት በሙሉ ስንዴ ዘራባት። «ምርጥ ዘር» ብሎ የሸጠለት የአንድ ዘር አከፋፋይ ድርጅት ወኪል፣ የገዛ አክስቱ ልጅ ሀንዲሶ ነበር። ዝናቡ እንደ ልብ ጣለ። የጎረቤት ማሳ ሲለመልም የእኛ እዚህም እዚያም ብቅ ብሎ ቀረ። የግብርና ባለሙያው ሲመረምረው፣ ዘር የተባለው ምርጥ ዘር እንዲመስል ቀለም የተቀባ የነቀዘ ስንዴ ሆኖ ተገኘ። የዓመት ቀለባችን ነው እንግዲህ አፈር የበላው። አባቴ ድርጅቱንም ሀንዲሶንም ከሰሰ።

ቀጠሮው ሲቃረብ ሽማግሌዎች መጡ። ሀንዲሶ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቷል።

«ሊሬቦ፣ እሺ ካላልከን አንቀመጥም!» አሉት አባቴን።

በእኛ አገር ደጅ የቆመ ሽማግሌ እንዲሁ አይመለስም። አባቴ ከደጃፉ ገለል ብሎ «ይቅር ብዬዋለሁ፤ ግቡ» አለ። እናቴ የክብር እንግዳ ምግባችንን፣ ቅቤ የጠገበ አታካና አቀረበች። እኔ በግኜ ነበር፤ ምን ዓይነት ሞኝነት ነው እያልኩ። አታካናውን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልተውኩትም።

በቀጠሮው ዕለት አይሱዙ ላይ ተሳፍረን፣ አቧራ ለብሰን ሆሳዕና ገባን። የድርጅቱ ጠበቃ ተነሥቶ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከሳሽ በሽምግልና ታርቀዋል፤ ክሱ ይዘጋልን» ሲል ዞሬ አባቴን አፈጠጥኩበት። ዳኛዋ እውነት እንደሆነ አባቴን ጠየቁት።

«አዎ፣ ከሀንዲሶ ጋር ታርቄያለሁ። ድርጅቱ ግን መቼ መጣ?»

ጠበቃው ፈገግ አለ። «አባት፣ ድርጅት እንዴት አድርጎ ይመጣል?»

«ሊሸጥልኝ እንዴት አድርጎ መጣ?»

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ዳኛዋም ከንፈራቸውን ነከስ አደረጉ። ሳቁ ሳይበርድ ሀንዲሶ «ልናገር ይፈቀድልኝ» ብሎ ተነሣ።

«መጋዘን ውስጥ ቀለም ሲቀባ አይቻለሁ። ሥራ አስኪያጁም አጠገባችን ቆሞ ነበር። ከሥራ እንዳልባረር ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ወንድሜ ይቅር ብሎኛል፤ ከዚህ ወዲያ ማንን እፈራለሁ?»

ፍርድ ቤቱ ድርጅቱ ኃላፊ ነው ብሎ እንዲክስ ወሰነበት። ስንመለስ ሀንዲሶና አባቴ አይሱዙው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ከብት ያወሩ ነበር።

ያኔ ይቅርታው ክሳችንን የሚያፈርስ መስሎኝ ነበር። ለካስ የሚያስፈልገንን ምስክር የሰጠን እሱ ኖሯል። አባቴ አሁን በሕይወት የለም። ሀንዲሶ ግን ምርኩዙን ይዞ በየዓመቱ ለዘመን መለወጫችን ለያሆዴ ይመጣል፤ እኛም የአባቴን ወንበር እንለቅለታለን።