ገዢ መስዬ የጠበቅሁት ሱቅ

ባለፈው ሳምንት ሐዋሳ ልጄ ዘንድ ሄጄ ከቤቷ አጠገብ ካለው ሱፐርማርኬት ብስኩት ልገዛ ገባሁ። እንደ ልማዴ አንዱን አነሳለሁ፣ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ ዋጋውን አያለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዋጋ ማንበብ ራሱ መዝናኛ ሆኖልኛል። ትንሽ ቆይቼ ሳስተውል አንድ ጎረምሳ ከኋላዬ አለ። ወደ ሻይ ቅጠሉ ስሄድ እሱም ሻይ ቅጠል ያምረዋል፤ ወደ ዘይቱ ስዞር እሱም ዘይት ያማርጣል። ቅርጫት አልያዘም፣ ዓይኑም እጄ ላይ ነው። ሳቄ አመለጠኝ። ልጁ ደንግጦ ወደ ጣሪያው ማየት ጀመረ። ሂሳብ ልከፍል ስቆም አንድ ሁለት ነገር ልመክረው አሰብኩና ተውኩት፤ ረጅም ታሪክ ነው፣ ከኋላዬም ሰው ተሰልፏል። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ሳሙናና ስኳር በቀበሌ ካርድ የሚታደልበት። እኔ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃ ብሎ፣ ጂንካ አክስቴ ቤት ተቀምጫለሁ። ተቀምጫለሁ ስል እውነትም መቀመጥ ነው፦ ጠዋት ከአውሮፕላን ሜዳው በዚህ ዳር፣ ከሰዓት በዚያ ዳር። የያኔዋን ጂንካ የሚያውቅ ያውቃል፤ አውሮፕላን ማረፊያው ከተማዋ መሃል የተዘረጋ ሣር ነበር። ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። አውሮፕላኑ ሰማይ ላይ ሲያጉረመርም ከብቱም ልጁም ይባረራል፤ ሲሄድ ሁሉም ወደ ጨዋታውና ወደ ሣሩ ይመለሳል።

ገበያው ዳር የጋሽ ሽኩር ሱቅ ነበር። ጋሽ ሽኩር ከስልጤ መጥተው ጂንካ የከረሙ፣ ቀልድ የሚወዱ ነጋዴ ነበሩ። ብርድ ልብስ፣ አቡጀዲ፣ ጨሌ፣ ምላጭ፣ ጨው፣ የባትሪ ድንጋይ፣ አንዳንዴ እግዜር ሲል ደግሞ ሳሙና ይሸጣሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ አሪዎች ከደጋው ሙዝና ጎደሬ ተሸክመው ይወርዳሉ፣ በናዎች ከቆላው ማርና ቅቤ ይዘው ይመጣሉ፣ ሱቁም እስከ ጣሪያው ሰው ይሞላል። በዚያ ግርግር ዕቃ ይጎድል ጀመር። ጋሽ ሽኩር አንድ ቀን አስጠሩኝና "አንተ ሥራ የለህም አይደል?" አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። "ሥራ እንደሌለህ አገር ያውቃል፤ እኔም የምፈልገው ይኼንኑ ነው" አሉ።

ሥራዬ ገዢ መምሰል ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት እገባለሁ፣ ጨርቅ እዳስሳለሁ፣ ዋጋ እጠይቃለሁ፣ እወጣለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ። ማንም እንዳያውቅ አስማሉኝ። ባንኮኒው ላይ የሚሸጠው የሚስታቸው ወንድም ሐሚድ በተለይ እንዳያውቅ፤ ለካ እሱንም ጭምር ነው የምጠብቀው። የወሰደ ሰው ካየሁ ደግሞ "ሌባ" የምትል ቃል ከአፌ እንዳትወጣ። ገበያ መሃል ያቺን ቃል የጣለ ሰው መልሶ አይለቅማትም አሉ። ከሰውዬው ጎን ሄጄ ቀስ ብዬ "ሂሳቡን ረስተውት ይሆናል" ማለት ብቻ ነው። ዕቃው የሚጎድልበትን ካገኘሁ በግልጽ ባንኮኒ ላይ ሊያቆሙኝ ቃል ገቡልኝ።

ይህ ሥራ አደጋ እንዳለው ማንም አልነገረኝም። ከገዢዎቹ ግማሹ ዱላ ይዟል፣ ጠመንጃ የያዘም አይጠፋም፤ እኔ ደግሞ ባዶ እጄን ነኝ። የምይዘው ሌባ ቀጭን እንዲሆን እጸልይ ነበር። ሐሚድ ጠመደኝ፤ ስገባ "የዓይን ደንበኛችን መጣ" እያለ ሰው ፊት ያሾፍብኛል። ከሁሉ የባሰው ግን በረንዳው ላይ የሲንጀር መኪናቸውን ዘርግተው የሚሰፉት ጋሽ በላቸው ነበሩ። የአስቴር አባት ናቸው። አክስቴ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልካ አስቴርን ልትጠይቅልኝ ነው፤ እሳቸው ደግሞ በየቅዳሜው ክር እንኳ ሳልገዛ ሱቁ ውስጥ ስገባ ስወጣ ያዩኛል። ሥራ አለኝ እንዳልላቸው ምስጢር ነው። ከመርፌው ላይ ቀና ብለው ሲያዩኝ ወደ አቡጀዲው ዞሬ ዋጋ እጠይቅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ጥሩነሽ ገቡ። ስማቸውን ቀይሬዋለሁ። ባላቸው ሞተውባቸው፣ ገበያ ውስጥ ዝንጅብልና ኮረሪማ በመደብ እየሸጡ ልጆች የሚያሳድጉ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው የሚሄዱ ሴት ነበሩ። ሐሚድ ጀርባውን ሰጥቶ ብርድ ልብስ ሲያወርድ አንድ የልብስ ሳሙና ነጠላቸው ሥር ሲገባ አየሁ። ዓይኔን አላመንኩም፤ የአክስቴ የማኅበር ጓደኛ ናቸው እኮ። ተከትያቸው ወጣሁና መደባቸው ጋ ሳይደርሱ "እትዬ፣ ሂሳቡን ረስተውት ይሆናል፤ ሱቁን የምጠብቀው እኔ ነኝ" አልኳቸው። የሰረቅሁት እኔ ነበር የምመስለው። እሳቸው ተመልሰው ገቡ፣ ሳሙናውን ከቦታው አኖሩ፣ ወጡ። ለጋሽ ሽኩር አልነገርኩም። ዕቃው ከቦታው ከተመለሰ ምን ጎደለ?

ሚያዝያ ገባ። ዝናቡ ጠዋት ይጀምራል፣ ቀዩ ጭቃ ጫማ ያወልቃል። ጋሽ ሽኩር በኤንትሬ የጭነት መኪና ተሳፍረው ለዕቃ ወደ አርባ ምንጭ ሄዱ። በቅዳሜው ይመለሳሉ ሲባል የወይጦ ወንዝ ሞልቶ መኪናው ከወዲያ ማዶ ቆመ ተባለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በና ገበያ ሲመጣ ብቻውን አይገባም። አንዱ ገብቶ ሲከራከር እኩያዎቹ በር ላይ ይቆማሉ፤ ዱላቸውን ተደግፈው ጀርባውንና ዕቃውን ይጠብቁለታል። ከተማው ኪስ አውላቂም አታላይ ነጋዴም አያጣምና ደግ አደረጉ። እኔ በጥበቃዬ እየኮራሁ፣ በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች የእኔኑ ሥራ እንደሚሠሩ አንድም ቀን አላሰብኩም። እነሱ ግን አስበውብኛል። በየቅዳሜው የሚመጣ፣ የማይገዛ፣ የሰው እጅ እጅ የሚያይ ወጣት ምንድን ነው? እኔም ብሆን ያው ነው የምለው።

ሙጋ የሚባል ደልዳላ የበና ሰው ነበር፤ ማር ይዞ የሚመጣ። ያን ቅዳሜ ለሚስቱ ጨሌ ተከራክሮ ገዛና የማር ቅሉን በሩ ሥር ትቶ ወጣ። እንደ ረሳ ሰው። ቅሉን አየሁት፤ ሌላ ሰው ቢያነሳው የሱቁ ስም ይጠፋል፣ ጋሽ ሽኩር ደግሞ የሉም። አነሳሁና ልሰጠው ከኋላው ፈጠን አልኩ። ከደጃፉ ሳልርቅ ከግራና ከቀኝ እጄን ያዙኝ። ቅሉ ዘመመ፣ ማሩም በእጅጌዬ ገብቶ እስከ ክርኔ ወረደ። ሙጋ ዞሮ፣ ሳይቸኩል፣ ወጥመዱ የያዘለት አዳኝ መስሎ መጣ። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ደስታ ብቻ ነው።

የገበያ ጠብ በአውሮፕላን ሜዳው ዳር ከዛፍ ሥር በሦስት ሽማግሌዎች ይታያል። አንደኛው ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ጋሽ በላቸው። ኪስ አውላቂ ሲያዝ ቅጣቱ የታወቀ ነበር፦ የወሰደው ነገር አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል፣ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ይሰጠዋል፣ እየደበደበ ገበያውን ይዞራል። ቀደም ሲል እንዲህ የዞረ አንድ ልጅ በማግስቱ በጭነት መኪና ከጂንካ ወጣ፤ ዳግም ያየው የለም። እኔም ከዞርኩ አስቴር ቀረች ማለት ነው። አገሩም ቀረ።

ሙጋ ቆመና በሰባራ አማርኛው፣ ግን ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ መሰከረ፦

"ይሄ ልጅ ብዙ ቅዳሜ አየሁት። አይገዛም። እጅ ብቻ ያያል። እኔ ማር አስቀመጥሁ፣ እሱ ወሰደ።"

ሐሚድ ተጠየቀ። ከሱቅ ጠፍቼ እንደማላውቅ፣ አንድ ምላጭ እንኳ ገዝቼ እንደማላውቅ፣ እሱም ከጠረጠረኝ እንደቆየ ተናገረ። ውሸት የለበትም። የእኔ ተራ ሲደርስ ምስጢሩን አፈረጥኩት፤ ጋሽ ሽኩር የቀጠሩኝ ጠባቂ ነኝ አልኩ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሐሚድ ግን አልሳቀም፤ ማንን ስጠብቅ እንደከረምኩ ያን ጊዜ ገባውና ዓይኑ ቀላ። ማሩ ላይ ዝንቡም ንቡም ሰፍሮብኛል። መልስ ስጥ ይሉኛል፤ አንዲት ንብ ከንፈሬ ላይ ቁጭ ብላለች፣ አፌን ብከፍት ልትገባ ነው።

ጋሽ በላቸው፣ ጋሽ ሽኩር እስኪመጡ መጠበቅ ይቻል እንደሆን አሰቡ። ወይጦ መቼ እንደሚጎድል ግን የሚያውቅ የለም፤ የበናዎቹም መንገድ ሩቅ ነው። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ።

"ከሽኩር ሌላ ይህን የሚያውቅ ሰው አለ?"

አለ። እትዬ ጥሩነሽ ዝንጅብላቸውን ትተው፣ ልጆቻቸው ቀሚሳቸውን ይዘው፣ ከሰዉ መሃል ቆመዋል። ዓይኔ እሳቸው ላይ ሄደ። ከተናገርኩ ያዋርዳቸዋል፤ ቢክዱ ደግሞ የማን ቃል ይታመናል? ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፣ ምላሴ እምቢ አለኝ። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩና "የለም" አልኩ። ቆርቆሮው ይምጣ ተባለ።

ቆርቆሮው እጄ ላይ ከመድረሱ በፊት እትዬ ጥሩነሽ ወደ መሃል ገቡ።

"ልጁን ተዉት። የሱቁ ጠባቂ ነው።"

"በምን አወቅሽ?" አሉ ጋሽ በላቸው።

"እኔን ይዞኛል። ሳሙና ወስጄ። አስመልሶኝ ለማንም ሳይናገር ቀረ።"

ጋሽ በላቸው መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጠረጉ፣ አደረጉ፣ ደግሞ አወለቁ። አንዱ ሽማግሌ እውነትሽን ነው ወይ ቢሏቸው፣ ሰርቄያለሁ ብሎ የሚዋሽ ሰው አይተው ያውቁ እንደሆነ መልሰው ጠየቁ። እኔ በእፎይታና በእፍረት መሃል ሆኜ አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

የተባለው ለበናዎቹ በቋንቋቸው ተነገራቸው። ሙጋ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"እኔ እሱን ጠበቅሁ። እሱ ሱቅ ጠበቀ። ማሩን ማን ጠበቀ?"

እውነትም ቅሉ መሬት ላይ ተረስቶ ጉንዳን ወርሮታል። ሰዉም አብሮት ሳቀ፣ ነገሩ ተበተነ። ሙጋ ጉንዳኑን አራግፎ የቀረውን ማር ለእትዬ ጥሩነሽ ልጆች ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ከተማ በመጣ ቁጥር ገና ከሩቅ ሲያየኝ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ባዶ መሆናቸውን ያሳየኛል።

ጋሽ ሽኩር እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ሲመለሱ ወሬው ከመኪናው ሳይወርዱ ደረሳቸው። ስውርነቴ አብቅቷልና ባንኮኒ ላይ ከሐሚድ ጎን አቆሙኝ። ሐሚድ እስከ ክረምት አላናገረኝም። ወንጀሉ ኋላ ሲታወቅ ለቆንጆ ሴት ሲመዝንና ሲለካ እጁ ማዳላቱ ነበር፤ ዕቃው የሚጎድለውም ይበልጡን በዚያ ነው። አንዲት ልጅ ከሱቁ በለካላት አቡጀዲ ከነእኅቷ ለብሳ ታይታለች።

እትዬ ጥሩነሽ ግን ዋጋውን ከፈሉ። አንዳንድ ሴቶች ሲያልፉ ዕቃቸውን ሰብሰብ ያደርጉ ነበር፤ ባለጌ ልጆችም የሳሙና ስም አወጡላቸው። እሳቸው እዚያው መደባቸው ላይ ተቀምጠው ዝንጅብላቸውን ሸጡ። አንገታቸውን ዝቅ ሲያደርጉ አላየኋቸውም።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። ጋሽ በላቸው ስለ ሥራዬም ስለ ዘሬም ሳይጠይቁ እሺ አሉ። ለምን እንደሆነ ኋላ አስቴር ነገረችኝ። ያን ቀን ስጠየቅ ዓይኔ ወደ ሴትዮዋ ሄዶ ሲመለስ አይተውት ኖሯል፤ ምን ማለት እንደሆነ የገባቸው ሴትዮዋ ሲናገሩ ነው።

ይህን ታሪክ ስንት ቤት አወራሁት፤ ሁልጊዜም እንደ ውለታ አድርጌ ነው። እኔ ዝም ስላልኩላቸው እሳቸው ተናገሩልኝ እያልኩ። ባለፈው መስከረም ከአስቴር ጋር ጂንካ ወርደን እትዬ ጥሩነሽን ጠየቅናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። የቤቱን ሥራ የያዘችው ትንሿ ልጃቸው ናት፤ እሷም አያት ሆናለች። ጓዳ ገብታ ሻይ ስታፈላ፣ ያን ቀን ያደረጉልኝን እስከ ዛሬ እንዳልረሳሁ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ።

"ላንተ ብዬ መሰለህ?" አሉ ወደ ጓዳው እየጠቆሙ። "ሳሙናውን ስወስድ ይቺ ልጅ በሩ ላይ ቆማ አይታኛለች። ቆርቆሮው ሲመጣልህም አጠገቤ ነበረች። ዝም ብል ምን ብዬ አሳድጋታለሁ?"

ሲወስዱ ያየሁ እኔ ብቻ እየመሰለኝ ስንት ዘመን ኖርኩ። ያን ቅዳሜ በሩ ላይ አንዲት ሕፃን መቆሟን ለማስታወስ ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ሞክሬያለሁ፤ ነጠላውን አስታውሳለሁ፣ ሳሙናውን አስታውሳለሁ። ልጅቷን አላየኋትም።