የሌላ መንደር ጥለት

በእኛ በጓቴማላ ተራሮች ሴት የየት መንደር ልጅ እንደሆነች በሸሚዟ ጥለት ትለያለች። በጦርነቱ ጊዜ ጄኔራሎቻችን በራዲዮ «ሕፃናትን እንጠብቃለን» እያሉ ይለፍፉ ነበር። ሥጋን ለጅብ አደራ! ጦሩ ያቃጠለውን መንደር ጥለት የለበሰች ሕፃን ኬላ ላይ ከተያዘች አትመለስም ነበር።

እኛ አሮጊትን በአክብሮት «ናን» እንላለን፤ ሸማኔዋ ናን ሴፌሪና ከተቃጠለ መንደር ያመለጠችውን ትንሿን ማርሴላን ጫካ ውስጥ ብቻዋን አገኘቻት። የልጅቷን ሸሚዝ አቃጥላ የራሷን መንደር ጥለት አለበሰቻት።

ኬላው ላይ ወታደሩ፣ «አሮጊት፣ በዚህ ዕድሜሽ ወለድሽ?» አላት።

«ባሌ እንዳንተ መንገድ ላይ ተገትሮ አያድርም፣ ልጄ።»

ጓደኞቹ ሳቁበት፤ አሳለፋቸው።

ከዓመታት በኋላ አንዲት የከሳች ሴት ገበያ ላይ ናን ሴፌሪናን፣ «የተቃጠለውን መንደራችንን ጥለት የለበሰች ልጅ አላየሽም?» አለቻት። ጦሩ ሴት ሰላዮችንም ይልክ ነበርና ናን ሴፌሪና ፈራች።

«አላየሁም።»

ሴትዮዋ አጠገቧ የቆመችውን የማርሴላን ጥለት አየት አድርጋ አለፈች።

«ናን፣ ድምፅዋ የእናቴን ይመስላል» አለች ልጅቷ።

ናን ሴፌሪና ክሯን ጥላ ሮጠች። አላገኘቻትም።

ዛሬ ማርሴላ ራሷ ወልዳለች። ናን ሴፌሪና ግን አሁንም በገበያ ቀን እጇን ይዛ በማታውቃቸው ሴቶች ፊት ታቆማታለች።

«ልብሷን ተይው፤ ፊቷን እዪ» ትላለች።