ያላጨሱት ሴቶች

በቻይናዋ ሹዋንዌይ ከተማ ሆስፒታል የስንት ሰው ደም ለዘረመል ምርመራ ቀድቻለሁ፤ እኚህን ሽማግሌ ግን አልረሳቸውም። ስማቸውን አልያዝኩትም። ደረት ኪሱ በትምባሆ ያበጠ ሰማያዊ ኮት ለብሰው፣ ረጅም የቀርከሃ ፒፓቸውን እንደ ከዘራ ተደግፈው ነበር የገቡት። የልጅ ልጃቸው ቹንሜይ አብራቸው ነበረች። ሚስታቸውም ሴት ልጃቸውም የሞቱባቸው በሳንባ ካንሰር ነው፤ ሁለቱም ትምባሆ ቀምሰው አያውቁም።

"አጫሹ እኔ፣ የተቀበሩት እነሱ" አሉኝ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። "እኔን ያተረፈኝ ነገር ደሜ ውስጥ ካለ ቀድተሽ ለእሷ ስጪልኝ።"

"አባባ፣ እሱ እንኳ ከሰው ወደ ሰው አይሰጥም" አልኳቸው። የጭስን መርዝ ከሰውነት ለማጽዳት የሚረዳ ዘረመል አንዳንድ ሰው ላይ እንደሚጎድል፣ ቀደም ሲል የተደረገው የቹንሜይ ምርመራም ይህንኑ እንዳሳየ ነገርኳቸው። ጉድለቱ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ የድንጋይ ከሰል ጭስ ሲጨመርበት ነው አደጋው የሚብሰው።



"እነሱ መስኮት በሌለው ኩሽና ከሰል ሲያቀጣጥሉ፣ እኔ ደጅ ቁጭ ብዬ ነበር የማጨሰው" አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ወደ ቹንሜይ ዞሩ። "ጭስ ማውጫ እስክሠራ ድረስ ኩሽና እንዳትገቢ። የማበስለው እኔ ነኝ።"

ቹንሜይ ሳቀች። "አንተ? ሩዙን አሳርረህ ልትፈጀን ነው!"

እሳቸው አልሳቁም።

"ያረረ ሩዝ" አሉ፣ "እስካሁን ማንንም አልገደለብኝም።"