ሰዓዳ ያልተናገረችው

ባለፈው ጥር ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ የፍተሻ ወረፋ ላይ ቆሜ ሳለ፣ ከፊቴ የነበረ ሰውዬ ቀበቶውን ከሱሪው መዘዘና ሳህኑ ላይ ጣለው፤ ዘለበቱ ቀጭ ሲል ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንኩ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ስልሳ ተማሪ በአንድ እይታ ጸጥ የማሰኝ ሴትዮ ነኝ፤ ያ ድምፅ ሲመጣ ግን ዕድሜዬን ሁሉ ገፎ አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ይጥለኛል። ፈታሿ «እህቴ፣ እለፊ እንጂ!» እስክትለኝ ድረስ ፈዝዤ ቀረሁ።

አባቴ የኩታበር እርሻውን ለወንድሞቹ ትቶ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ፣ ፋብሪካ ውስጥ ክር ማሽን ላይ የሚሠራ ሰው ነበር፤ እኛም አምስት ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ ከነሰዓዳ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርተን እንኖር ነበር። የጠዋት ፈረቃ የገባ ቀን ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ይመለሳል፤ ፊቱን ታጥቦ፣ ምሳውን በልቶ፣ ወጡ ጨው በዛበት ወይም አነሰው ብሎ፣ አንዳንዴም ምንም ሳይል ይነሳና ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ከፍ ያደርገው ነበር። ቀበቶው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሬዲዮው ለጎረቤት ሲባል ነበር፤ እናቴም ለጎረቤት ስትል አትጮህም፣ የነጠላዋን ጫፍ ትነክሳለች። እኔ ታናሽ ወንድሜን አልጋ ሥር አስገብቼ ጆሮውን እደፍንለት ነበር። ሲያበቃ እናቴ ፊቷን ታብስና «የቤታችንን ነገር ለሰው ከነገርሽ እንደገደልሽኝ ቁጠሪው» ትለኝ ነበር። እኔም ከመመታቷ ይልቅ መሰማቱን እፈራ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ያን ሁሉ ይዤ አምስተኛ ክፍል ገባሁ፤ ይዤም ዝም አላልኩም፣ እማታ ነበር። በክርኔ፣ በደብተር ጠርዝ፣ በድንጋይ፣ ባገኘሁት ሁሉ እማታ ስለነበር ወንዶቹ ሳይቀሩ የውሃ ወረፋ ይለቁልኝ ነበር። የሥነ ዜጋ አስተማሪያችን ቲቸር ይመር ከደሴ እየተመላለሰ የሚያስተምር፣ በስሙ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን መለየት አቅቶን በየዕረፍቱ የምንከራከርበት ሰው ነበር። ልጆች ሲጣሉ ማን ጀመረ ብሎ አይጠይቅም። ሁለቱን ሰሌዳው ፊት ያቆምና እያንዳንዳቸው ጠቡን በሌላው አፍ እንዲናገሩ ያዛል፤ የመታው የተመታውን ሆኖ፣ የተመታውም የመታውን ሆኖ፣ «እኔ እከሌ ነኝ» ብሎ ይጀምራል፣ ባለቤቱ «አዎ፣ እንደዚያ ነው» እስኪለውም አይቀመጥም። ሦስት ጊዜ «አይደለም» የተባለ ልጅ መዳፉን ዘርግቶ ጎማ ይቀምሳል። የሰውን ስሜት መረዳት በጎማ ነበር የምንማረው፣ እና ይህ ለማናችንም አስቂኝ ሆኖ አልታየንም።

በጋው ሲገፋ፣ አንድ ከሰዓት ሰዓዳ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ በራችን ላይ መጣች። ዝምተኛ፣ ቀጭን፣ ደብተሯን በጋዜጣ የምትሸፍን ልጅ ነበረች፣ ክፍል ውስጥም አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። መሬት መሬት እያየች «እናቴ ናት የላከችው። ትናንት ሬዲዮው ሲጮህ አለቀሰች» አለችኝ። ዳቦውን ተቀብዬ በሩን ፊቷ ላይ ዘጋሁት። ለካ ያውቃሉ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላኋት፤ ማንም መትቶኝ የእሷን ማዘን ያህል አላሳመመኝም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ማክሰኞ ወደ ትምህርት ቤት ተመለስን። ምሳ የምንበላው ግቢው ውስጥ ዋርካ ሥር ነበር፤ በአዘቦት ቀን ክርስቲያን ሙስሊም ሳንል ከአንድ ምሳ ዕቃ እንጎራረሳለን፣ የበዓል ሰሞን ግን ሥጋ የያዘ ልጅ ማንም ሳያዘው ፈንጠር ብሎ ይቀመጣል፣ እጁን ሳይታጠብም ወደ ሌሎቹ አይጠጋም። የሌላውን ወገን ሥጋ መብላት በእኛ አገር ሃይማኖትን እንደ መለወጥ ነው። ይህን አውቅ ነበር። አውቄ ነው ያደረግሁት። ሰዓዳ ውሃ ልትቀዳ ስትነሳ፣ ከበግ ወጣችን ያስቀረሁትን ቁራጭ በጣቶቼ በጣጥሼ ምስር ወጧ ውስጥ ደባለቅሁት፤ እሷም ለሰው የማትነግረው ነገር ይኑራት፣ እኩል እንሁን ብዬ ነው። እስክትውጥ ጠብቄ ጆሮዋ ሥር ገባሁና «የበላሽው የእኛን ሥጋ ነው» አልኳት።

ጣቷን ጉሮሮዋ ድረስ ከትታ ደም እስኪቀላቅል አስመለሰች። ከዚያ እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ ድንጋይ አንስታ አፌን አለችኝ፤ የፊት ጥርሴ ተሰብሮ ምላሴ ላይ ሲወድቅ ተሰማኝ። እኔም የምሳ ዕቃዬን ክዳን በጠርዙ በኩል አዙሬ መታኋት፣ ከቅንድቧ በላይ ተተረተረ፤ ወድቃም ፀጉሬን አልለቀቀችም፣ እኔም ደረቷ ላይ ተቀምጬ ደጋገምኳት። ቲቸር ይመር በአንገታችን ይዞ ሲለያየን ዩኒፎርማችን ደም በደም ሆኖ ነበር። የጠቡን ምክንያት ግን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ግንባሯን በጨርቅ አስሮላት ሰሌዳው ፊት አቆመን። መጀመሪያ እኔ «እኔ ሰዓዳ ነኝ። ያለ ምንም ምክንያት ድንጋይ አንስቼ ትርንጎን መታኋት» አልኩ። ሰዓዳ «አይደለም» አለች። ደገምኩት፣ «አይደለም» አለች፤ ሦስተኛም እንደዚያው። ሥጋውን እንደዘለልኩት ሁለታችንም እናውቃለን፤ እሷ ግን አላነሳችውም። መዳፌን ዘርግቼ የድርሻዬን ተቀበልኩ።

ተራው የእሷ ሆነ። ጨርቁ ላይ ደሙ እየሰፋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔ ትርንጎ ነኝ» አለች። «አባቴ ከሥራ ሲመጣ ሬዲዮ ያስጮሃል። ከዚያ እናቴን በቀበቶ ይገርፋታል። እናቴ አትጮህም። እኔ ወንድሜን ይዤ እደበቃለሁ። ትምህርት ቤት ስመጣ ሰው እመታለሁ።» ቲቸር ይመር ወደ እኔ ዞሮ «እንደዚያ ነው?» አለኝ።

«አይደለም» አልኩ። ሰዓዳ አንዲት ቃል ሳትለውጥ ደገመችው። «አይደለም፣ ውሸቷን ነው!» ሦስተኛም ያንኑ አለች፣ ሦስተኛም ካድኩ። ደንብ ነውና ጎማውን አነሳ። እጇን አልሰበሰበችም፣ ዓይኗንም ከእኔ ላይ አልነቀለችም፤ አምስተኛው ላይ የመዳፏ ቆዳ ሲላጥ አየሁና «አዎ!» ብዬ ጮህኩ፣ «አዎ፣ እንደዚያ ነው! ቲቸር፣ ይተዉአት!» ቲቸር ይመር ጎማውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የገዛ እጁን ሲያይ ቆየ። ይቅርታ ግን አልጠየቃትም።

ወሬው ከልጅ ወደ ወላጅ፣ ከወላጅ ወደ ፋብሪካው በር ደረሰ። ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው ሳለ፣ አባቴ ካቦርቱን ሳያወልቅ ገባ፤ ያን ቀን ሬዲዮውን አልነካውም። መጀመሪያ እኔን በዘለበቱ በኩል ጀርባዬን ተለተለው፣ ቀጥሎ ልትከላከልልኝ የገባችውን እናቴን ጆሮዋ ላይ መታት፣ መሬት ከወደቀች በኋላም በጫማው ረገጣት። ሞተች ብዬ ነበር። ያኔ በሩ ተበርግዶ የሰዓዳ እናት፣ እትዬ ከዲጃ፣ የቡና ዘነዘናቸውን እንደያዙ ገቡ። «አንተ ሰውዬ! ወላሂ፣ ያን እጅህን አንድ ጊዜ ብታነሳ በዚህ ነው የምልህ!» አሉት። አነሳ፤ ክንዳቸውን በቀበቶው ሸነቆጣቸው። እሳቸውም ትከሻውን በዘነዘናው አሉት፣ አጥንቱ ቀጭ ሲል እዚያ ማዕዘን ሆኜ ሰማሁ፣ ሰማሁና ደስ አለኝ። ለዓመታት የባልና የሚስት ነገር ነው ሲል የኖረ ግቢ፣ ክፍል ፊት ከተነገረ በኋላ አልሰማንም ማለት ስላልቻለ ግልብጥ ብሎ ገባ። እናቴ በዚያው ዝናብ እኛን አስከትላ፣ ደም የሚያፈሰውን ጆሮዋን በነጠላዋ ይዛ፣ በሚኒባስ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እህቷ ቤት ወጣች፤ ወደ አባቴ አልተመለሰችም፣ በዚያ ጆሮዋም ከዚያ ወዲህ ሰምታ አታውቅም።

ዛሬ እኔም ደሴ ውስጥ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ጎማ ቀርቷል፣ እሰይ፤ ራስን በሌላ ሰው ቦታ አድርጎ ማየት የሚባለውም መጽሐፉ ውስጥ ርዕስ ወጥቶለት፣ ሥዕል ተሥሎለት፣ አርባ ደቂቃ ተመድቦለታል። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እየተሳሳቁ ይሠሩታል፣ ደወል ሲደወልም ያበቃል። እኔ ከኋላ ቆሜ እያየኋቸው ይህ ነገር በሥዕል ይገባል ወይ እላለሁ፤ በጎማ ግን እንዳልገባኝ አውቃለሁ።

አምና አረፋ ላይ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሰዓዳ ጨርቅ መሸጫ ሱቅ አላት፤ ከቅንድቧ በላይ ያለው ጠባሳ ስትስቅ ይሸበሸባል። አብረን ወደ እናቷ ቤት ስንሄድ፣ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ያልደፈርኩትን ጠየቅኋት። «ያን ቀን ስለ ሥጋው ለምን ዝም አልሽ?»

«እናቴ ብትሰማ እናንተ ቤት ደግማ የምትረግጥ መሰለሽ?» አለችኝ። «ለእናትሽ ደግሞ ከእኛ በቀር ማን ነበራት?»

ቤቱ ደረስን። እትዬ ከዲጃ ዓይናቸው ደክሟል፣ በድምፄ ነው የለዩኝ። ጉንጬን ደጋግመው ስመው አስቀመጡኝና፣ ለክርስቲያን እንግዳ ብለው ለብቻው ያሠሩትን ምስር ፊቴ አቀረቡ። «ብዪ፣ ልጄ። ድስቱም ማንኪያውም አዲስ ነው፣ የእኛ ሥጋ አልነካውም፣ አትጠራጠሪ» አሉኝ። ያኔ ጎረቤት የቤታችንን ነገር እንዳይሰማ እፈራ ነበር፤ ዛሬ የምፈራው እኚህ ሴት የእኔን እንዳይሰሙ ነው። በላሁላቸው። ሰዓዳ ከጎናቸው ተቀምጣ ነበር፤ ስለ ሥጋው አሁንም አልተናገረችም።