ሰነፍ ያሏት ልጄ

የልጄ መምህር ያስጠራኝ በሥራ ሰዓቴ ነበር። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ፤ ከማሽን ላይ ተነስቶ መውጣት ቀላል አይደለም። አስፈቅጄ፣ ባጃጅ ይዤ፣ ላቤን እየጠረግሁ ደረስኩ። ያኔ አምስተኛ ክፍል የነበረችው ልጄ ቢሮው በር ላይ ቆማለች።

መምህሩ ለድሬ እንግዳ ነው፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ። እሱ «እርስዎ» ይለኛል፤ እኔ እንደ ድሬ ልጅ «አንተ» እለዋለሁ።

«ልጅዎ ሰነፍ ናት» አለኝ። «ሌሎቹ ከሰሌዳ ሲገለብጡ ዴስክ ላይ ትተኛለች። የቤት ሥራ አትሠራም። ስጠይቃት ግን ትመልሳለች፤ ይሄ ደግሞ ንቀት ነው። አንዴ ጠበቅ አድርገው ይቅጧት።»

«የምትመልስ ከሆነ ሰነፍ ያልካት ምኗን ነው?»

«ደብተሯ ባዶ ነው።»

«ጭንቅላቷስ?»

መልሱን ሳልጠብቅ «አልገርፋትም» አልኩትና እጇን ይዤ ወጣሁ።

ንዴቴ ሲበርድ ግን ፍርሃት ገባኝ። በባዶ ደብተር ማንም ክፍል አያልፍም።

«ለምንድን ነው የማትጽፊው?» አልኳት መንገድ ላይ።

«ስለማውቀው።»

«ካወቅሽው መጻፉ ምን ይከብዳል?»

«እማ፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ መምህሩም ያውቀዋል። ለማን ነው የምጽፈው?»

ጥያቄዋን ይዤ ሰፈር ገባሁ። ሰፈሩ መልስ ሞልቶታል። በሰፈራችን በመጋላ የአንዱ ልጅ የሁሉም ልጅ ናት። ሱቅ ያላት ሶማሊ ጎረቤቴ «አቦ፣ ስልኩን ቀሚያት፣ ወላሂ ትስተካከላለች» አለች። እናቴ ልምጭ አለች። ባቡር ጣቢያ ጭነት የሚያስተናግደው ባለቤቴ «አስጠኚ እንቅጠርላት» አለ።

«ጠዋት የሰለቻትን ማታም ልትደግመው?» አልኩት። ማንንም አልሰማሁም።

አንድ ቀን ከሰዓት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከተማችንን የሚያቋርጠው፣ ሌላ ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ወረደ። ድልድዩ ላይ ቆመን አየን።

«እማ፣ ሳይዘንብ ውሃው ከየት መጣ?»

ድሬ ያደገ ሰው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ዓይኗ እንዲያ ሲበራ ካየሁ ቆይቻለሁ።

«አልነግርሽም። የሳምንቱን የቤት ሥራ ጨርሺ፤ እሁድ ሄደን በዓይንሽ ታዪዋለሽ።»

እያዛጋች፣ እያጉረመረመች ጨረሰችው።

እሁድ በሚኒባስ ከከተማው በላይ ወዳለው ደንገጎ ተራራ ወጣን። ሸለቆዎቹ አንዱ ከሌላው እየተቀላቀሉ ወደ ከተማችን ሲወርዱ በጣቷ ተከተለቻቸው። ከሰዓት ደመናው ከበደና ዶፍ ወረደ። አንድ ሻይ ቤት ቆርቆሮ ሥር ተጠለልን። በመንገዱ ዳር ቀይ ውሃ ቁልቁል ሲጋልብ አየችና ስልኬን ነጥቃኝ አባቷ ጋ ደወለች።

«አባ፣ እዚያ ዘንቧል?»

«ኧረ ፀሐይ ነው!»

«ደቻቱ አሸዋው ላይ ሰው አለ?»

«ሞልቷል፤ ዘርግተው ይሸጣሉ።»

«ውሃው እየወረደ ነው! ሂድና ውጡ በላቸው!»

ሄደ። በኋላ እንደነገረን «በዚህ ፀሐይ?» ብለው የሳቁበት ነበሩ። ብዙዎቹ ግን ሸራቸውን ጠቅልለው ወጡ፤ የሳቁትም የውሃውን ድምፅ ሲሰሙ ሮጡ። ጥቂት ቲማቲምና ጫማ ተወሰደ እንጂ ሰው አልተጎዳም።

ብዙም ሳይቆይ ፈተና መጣ። በአንድ አካባቢ ጎርፍ የሚከሰተው መቼ እንደሆነ ይጠይቃል። የመጽሐፉ መልስ በአካባቢው ከባድ ዝናብ ሲጥል የሚል ነው። እሷ «ሌላ ቦታ ሲዘንብም ይመጣል» ብላ ጻፈች። ኤክስ ተደረገባት።

በዚህኛው ጊዜ ማንም ሳይጠራኝ ሄድኩ።

«ትክክለኛው መልስ መጽሐፉ ላይ ያለው ነው» አለኝ መምህሩ።

«መጽሐፉ ደቻቱ ዳር ቆሞ ያውቃል?»

«ክፍሌ ውስጥ ስንት ልጅ እንደታጨቀ ያውቃሉ? ለእያንዳንዱ እንደየፍላጎቱ ላስተምር?»

እውነቱን ነው፤ ድካሙ ፊቱ ላይ ይታያል። ቢሆንም አላፈገፈግሁም።

«ኤክሱ ይቆይልህ። ያየችውን ለክፍሉ እንድትናገር ግን ትፈቅዳለህ። እስክትፈቅድ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ደወል ተደወለ፤ ተማሪዎቹ ገቡ፤ እኔ ቁጭ ብያለሁ። በመጨረሻ ተነፈሰና «ዓርብ፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ» አለ።

ዓርብ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አላየኋትም። ቤት ስገባ ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ሁሉም ጠየቁኝ። ላልገባቸው በኦሮምኛም በሶማሊኛም ነገርኳቸው።»

«መምህሩስ?»

«እሱም ጠየቀኝ።»

ኤክሱ አልተነሳም። ልጄም አንደኛ አልወጣችም፤ አልፋ ግን ስድስተኛ ክፍል ገብታለች። መገልበጥ ዛሬም ይሰለቻታል። በየሳምንቱ እንደራደራለን፦ አሰልቺውን እሷ ትጨርሳለች፣ ጥያቄዋን አብረን እናሳድዳለን። እናቴ «ታበላሻታለሽ» ትለኛለች፤ ትበል። ባለፈው እሁድ ዋሂል ገበያ ወስዳኝ ግመል ያለ ውሃ እንዴት እንደሚሰነብት ባለ ግመሎቹን አንድ በአንድ ስትጠይቅ ዋለች። ሳምንቱን ሙሉ ስሰፋ ሰንብቼ እግሬ አብጦ ነበር። ቢሆንም ከኋላዋ ተከተልኩ፤ ነገም እከተላለሁ።