በእድር ድንኳን የተከበረ ልደት

ባለፈው ቅዳሜ፣ ለልጄ ለኤልዳና ሰባተኛ ዓመት ልደት በተከራየነው የሆቴል ግቢ ውስጥ፣ ኬኩ ገና ጠረጴዛ ላይ ከመቀመጡ ዝናብ መጣና አስተናጋጆቹ ከየት እንዳመጡት የማላውቀውን የሸራ ድንኳን እየተሯሯጡ ከላያችን ወጠሩት። ሶዶ መስከረምን መቼም በደረቁ አያሳልፍም። ሌላው ሰው ፊኛዎቹን ሲያሸሽ እኔ ያንን የረጠበ ሸራ ሽታ፣ ትንሽ ሻጋታ፣ ትንሽ ጭስ፣ ትንሽ የሰው ላብ ያለበትን ሽታ ሳብኩትና፣ የሁለት ልጆች እናት ሆኜ፣ የክት ልብሴን ለብሼ፣ ባለሁበት ቆሜ ፊቴ በእፍረት ጋለ።

ልደት የሚባለውን ነገር ያወቅኩት አራተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ ከምትቀመጠው ከሄለን ነው። አባቷ ገበያው አጠገብ ጨርቃጨርቅ የሚሸጡ፣ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ የከተሙ ነጋዴ ነበሩ፤ እናቷ ደግሞ ቤቱን እንደ መስተዋት የሚወለውሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት። በየዓመቱ ጥር ላይ ሄለን ዳሩ በብልጭልጭ የተቀባ ካርድ ከቦርሳዋ እያወጣች ለመረጠቻቸው ልጆች ስታድል፣ ካርድ የደረሰው ልጅ ደብተሩ ውስጥ ይከተዋል፣ ያልደረሰው መስኮት መስኮቱን ያያል። እኔ የደረሰኝ ጊዜ ማታ ትራሴ ስር አድርጌው ተኛሁ።

ለካ ልደት ሕግ አለው። ከተባለው ሰዓት ቀድሞ አይኬድም፣ ስጦታ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ይጠቀለላል፣ ሻማው ሳይጠፋ ፈንዲሻ አይነካም፣ ሲበቃም ከረሜላህን በፌስታል ይዘህ ወደ ቤትህ ነው። ይህን ሁሉ የተማርኩት እዚያው ደርሼ ነው፤ እናቴማ ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው ብላ እንቁላል በኮባ ቅጠል ቋጥራ አስይዛኝ፣ ያንን ከአሻንጉሊትና ከባለቀለም እርሳስ ጎን ሳስቀምጥ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። የሄለን እናት ግን ጨዋ ናቸው፣ አንስተው “ተባረኪ” ብለው ወደ ጓዳ አስገቡት።

ችግሩ የበላ ማብላት አለበት። ልጆቹ “ያንቺስ መቼ ነው?” ይሉኝ ጀመር። ሄለንም አንድ ቀን፣ ክፋት ሳይኖርባት፣ የማይጠራንን ሰው ደጋግመን አንጠራም ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። እንግዲህ ወይ እጠራለሁ፣ ወይ በሚቀጥለው ጥር መስኮት ከሚያዩት ጋር እቆማለሁ።

እናቴን የተወለድኩበትን ቀን ጠየቅኳት። እዚሁ ወላይታ ገጠር፣ ቤሌ አካባቢ ተወልዳ አድጋ፣ አግብታ ሶዶ ከገባች በኋላም የአገሯን ጠባይ ሳትለቅ የኖረች ሴት ናት፤ ከአማርኛው ወንዴና ሴቴ ጋር እስከ ዛሬ አልተስማማችም፣ ሁሉንም “አንተ” ነው የምትለው። አሰበች፣ አሰበች፣ ከዚያ ከጊፋታ ቀጥሎ ባለው የገበያ ቀን፣ ዝናብ ሲያንዘቀዝቅ እንደተወለድኩ ነገረችኝ። ደስ አላት እንዲያውም፤ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ የታረደው ሥጋ ገና አላለቀ፣ ቅቤው አለ፣ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የት ይገኛል?

እኔ ከደብተሬ መሐል ወረቀት ገንጥዬ፣ አበባ ስዬ፣ ለሄለንና ለሌሎች አምስት ልጆች ካርድ ሠራሁ። እናቴ ደግሞ በበኩሏ ጠራች። ጠራች ስል እንዲህ በቀላሉ አይታይ፤ ወፍጮ ቤት የቆመውን፣ ውሃ ቦኖ ላይ የተሰለፈውን፣ ከገበያ የሚመለሰውን፣ በአጥር የምታየውን ሁሉ “የልጄ ቀን ነው፣ እንዳትቀሩ” አለች። ይህ ሁሉ ሰው በዝናብ የት ይቀመጣል ሲባልም ሄዳ የእድሩን ድንኳን ከነአግዳሚ ወንበሩ አስመጣች። ያ ድንኳን በሰፈራችን የሚተከለው ሰው ሲሞት ብቻ እንደሆነ የሚያስብ ሰው በቤታችን አልነበረም። ድንኳን ድንኳን ነው።

ቀኑ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። እናቴ ጓዳ ሆና ቆጮውን በቅቤና በቅመም እያሸች ሙቹዋ ትሠራለች፣ አንዱ ሽማግሌ ተነስተው ምርቃት ጀምረዋል፣ ሌላው ሰው አንገቱን ደፍቶ “አሜን” ይላል። እኔ በር ላይ ቆሜ ዓይኔን ከመንገዱ ላይ አልነቅልም።

መጡ። ፊት ፊት ሄለን ሮዝ ቀሚስ ለብሳ፣ ከኋላዋ ሌሎቹ፣ ከሁሉም ኋላ የሄለን እናት ዣንጥላ ይዘው። ድንኳኑን ሲያዩ ቆም አሉ። አንገቱን የደፋውን ሰው አዩ። ከዚያ፣ አፈር በበላሁ፣ እናትየዋ ዣንጥላውን አጥፈው፣ በወረቀት የተጠቀለለውን ስጦታ ከነጠላቸው ስር ደብቀው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። እናቴ ጩኸቱን ሰምታ እጇ በቅቤ እንደራሰ ከጓዳ ብትወጣ፣ አንገቷን አቅፈው “እግዜር ያጽናሽ፣ ምነው ሳልሰማ” አሏት። እናቴ ደግሞ ይህቺ ሴትዮ በመንገድ ሐዘን ደርሶባታል ብላ አብራ ማልቀስ ጀመረች። እነሱን ያዩ ሁለት አሮጊቶችም ተቀላቀሉ። ሄለን ታየኛለች። እኔ እግሬን አያለሁ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ያልኩት ያን ጊዜ ነበር።

ነገሩ ሲገለጥ ድንኳኑ በሳቅ ሊወድቅ ደረሰ። የሄለን እናት እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ፣ እናቴ እየሳቀች አጎረሰቻቸው፣ ልጆቹንም “ና፣ ግባ፣ ብላ” እያለች ሥጋና ዳጣ ከመረችላቸው፣ አንዱ ልጅ ዳጣው አቃጥሎት ውሃ ውሃ እያለ ግቢውን ዞረ። ሻማ የለ፣ ኬክ የለ። እኔም የለሁም፤ እንሰቱ መሐል ገብቼ፣ ቅጠሉ እያንጠባጠበብኝ፣ እንግዶቼ እስኪሄዱ ተቀመጥኩ።

ማታ እናቴ እያለቀስኩ አገኘችኝ። አጠገቤ ተቀምጣ በወላይትኛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ማን ቀረ? በሷ ቤት ሰው በግብዣ የሚያፍረው አንድ ሰው ሳይጠራ ከቀረ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የረሳችውን ጎረቤት እያሰበች በጣቷ ትቆጥር ነበር። ማንም አልቀረም አልኳት። ልደት ካርድ የደረሰው ብቻ የሚመጣበት ነገር ነው፣ ካርድ የሌለው አይመጣም አልኳት። “እንዲህ ነው እንዴ” አለች፣ አዲስ መድኃኒት እንደታዘዘለት ሰው።

ትምህርት ቤት ለአንድ ሳምንት “የለቅሶው ልደት” እየተባልኩ አንገቴን ደፍቼ ሰነበትኩ። ሄለን ግን ጥር ላይ ካርዷን ሰጠችኝ። እናቴ በር ድረስ አደረሰችኝ፤ የሄለን እናት ሮጠው ወጥተው ይግቡ እንጂ ብለው እጇን ቢስቡ፣ “ካርዱ የልጁ ነው” ብላ፣ ፈገግ ብላ ተመለሰች። መንገዱን ስትወርድ ከኋላዋ አየኋት። ደስ ነበር ያለኝ፤ ሥርዓት ያወቀች መሰለኝ።

እና ቅዳሜ ዕለት በዚያ ሸራ ስር ቆሜ ዙሪያዬን አየሁ። ኬኩ ሁለት ፎቅ ነው። ካርዱ በቴሌግራም የተላከ፣ የኤልዳና ፎቶ ያለበት፣ “ወላጆች ልጆቻችሁን በር ላይ አድርሳችሁ በአሥራ አንድ ሰዓት ውሰዱ” የሚል። ሁሉም በሰዓቱ መጥቷል፣ ማንም ማንንም አላቀፈም፣ የተሳሳተ ሰው የለም። እናቴ ከዚያ ግቢ በባጃጅ ብዙም የማይርቀው አሮጌው ቤታችን ውስጥ ናት። ለሷ አልደወልኩም ነበር። እናት ደግሞ ትጠራለች እንዴ፣ ትመጣለች ብዬ ነው። በሩን ሳይ ቆየሁ፣ ሻማው እስኪጠፋ አየሁ፣ አልመጣችም።

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላት፤ ኤልዳና ከእጄ ነጥቃ ድምፁን ከፍ አደረገችውና፣ ወላይትኛ ስለማትሰማ በአማርኛ ማውራት ጀመሩ። እናቴ ደስ ብሏታል። እንኳን ተወለድክ አለቻት። ሙቹዋ ሠርቼ ሸፍኜልሃለሁ፣ ነገ ና፣ ብላ፣ አለቻት። ከዚያ ድሮ እኔን በጠየቀችበት በዚያው ድምፅ፣ “ሁሉ መጣልህ? ማን ቀረ?” አለቻት።

ልጄ ጠረጴዛዎቹን አንድ በአንድ በዓይኗ ዞረቻቸው፣ አፏ ውስጥ ያለውን ኬክ ዋጠችና “አንቺ ብቻ” አለቻት።